ተሸጋጋሪ ድምፅ ምንድን ነው?

ሊትሪም በአየርላንድ ሰሜን ምዕራብ ያለች ገጠር ካውንቲ ናት። ነዋሪዋ 35 ሺህ ገደማ ነው። የካውንቲው ምክር ቤት 18 መቀመጫ አለው። ካሪክ ኦን ሻነን፣ ባሊናሞርና ማኖርሃሚልተን የሚባሉት ሦስት የምርጫ ክልሎች እያንዳንዳቸው 6 ሰው ይመርጣሉ። ምርጫው በየ5 ዓመቱ ነው፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 2024 ተካሂዷል።

እኛ የለመድነው አንድ እጩ ላይ ምልክት አድርጎ መውጣት ነው። እዚያ ግን ቁጥር ይጻፋል። በጣም ለምትፈልገው 1፣ ቀጥሎ ለምትፈልገው 2፣ ከዚያ 3፣ እስከፈለግህበት ድረስ። 1 ብቻ ጽፎ መሄድም ይቻላል። ድምፁ አንድ ነው፤ ግን እግር አለው፤ ከአንዱ እጩ ወደ ሌላው ይሸጋገራል።

ወዴት ይሄዳል? መጀመሪያ ኮታ፣ ማለትም ለመመረጥ የሚበቃው ድምፅ ልክ፣ ይወጣል። ውድቅ ያልሆነው ድምፅ ሁሉ በመቀመጫው ቁጥር ላይ አንድ ተጨምሮ ለዚያ ይካፈላል፣ በውጤቱ ላይ 1 ይጨመራል። 7,000 ድምፅ ለ6 መቀመጫ ቢሰጥ ለ7 አካፍለን 1,001 እናገኛለን። አንዲት እጩ በመጀመሪያው ዙር 1,301 ብታገኝ ተመርጣለች፣ 300 ተርፏታል። ትርፉ ሜዳ ላይ አይቀርም። ወረቀቶቿ ቀጥሎ ቁጥር በተጻፈለት እጩ ይለያሉ፤ ከሚሸጋገሩት ግማሹ እጩ የሆነውን ጎረቤቷን ቁጥር 2 ካሉ፣ ጎረቤቷ 150 ይወስዳል። የሚተርፍ ሲጠፋ ደግሞ መጨረሻ የወጣው ይሰናበትና ወረቀቶቹ ለሚቀጥለው ሰው ይሄዳሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ መቀመጫው እስኪሞላ። የመጨረሻው መቀመጫ ኮታ ሳይሞላ የሚያዝበት ጊዜም ብዙ ነው።

ለኔ የሚጥመኝ ሒሳቡ ሳይሆን ጠባዩ ነው። እጩው በር ያንኳኳል። ባለቤትየዋ «ቁጥር 1ን ለጎረቤቴ ቃል ገብቻለሁ» ትለዋለች። አይኮሳተርም። «እንግዲያው 2ን ለኔ!» ይላል። ተፎካካሪውን ቢሳደብ የተፎካካሪውን ደጋፊዎች 2 እና 3 ያጣል። የሚወራውም ስለ ጉድጓዳም መንገድ፣ ስለ መንደሩ አዳራሽ፣ ስለ ቤት ነው።

በቆጠራው ቀን ሌላ ትርኢት አለ። ወረቀቶቹ ሲገለጡ የየፓርቲው ሰዎች ከአጥሩ ጀርባ እርሳስ ይዘው ይቆማሉ፤ ቁጥር 1 የማን እንደሆነ እያዩ ይጭራሉ። ይህ «ታሊ» ይባላል። ደስ የሚለው፣ ሲፎካከሩ የከረሙት ሰዎች ቁጥሩን ይለዋወጣሉ። ይፋዊው ውጤት ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል።

አየርላንድ ላላችሁ አንድ ነገር፦ ለአካባቢ ምርጫ ዜግነት አይጠየቅም። 18 ዓመት የሞላው፣ እዚያ የሚኖርና የተመዘገበ ይመርጣል። ጥገኝነት ጠያቂም ቢሆን። መወዳደርም ይቻላል። ከናይጄሪያ በጥገኝነት የመጣው ሮቲሚ አዴባሪ እ.ኤ.አ. በ2004 የፖርትሊሽ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በአገሪቱ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ።

ወረቀቱ ላይ የእጩዎቹ ፎቶ አለ፤ ስማቸውም በቤተሰብ ስም ፊደል ተራ ተደርድሯል። ብቻ ስትጽፉ ተጠንቀቁ፦ ሁለት ሰው ላይ 1 ከጻፋችሁ ድምፃችሁ ውድቅ ነው።