የጤና ጣቢያ አገልግሎት ጥራት ምዘና በወሎ

ወሎ ውስጥ «ጤና ጣቢያው እንዴት ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ነው። መድኃኒት አለው ወይስ የለውም? ወረፋው ስንት ሰዓት ያስቆማል? ሲስተሯ ሰው ታናግራለች ወይስ ትቆጣለች? የመንግሥት መመዘኛ ብዙ ገጽ ያለው ቼክሊስት ነው። ተጨምቆ ሲታይ ግን ከእነዚህ ጥያቄዎች ብዙም አይርቅም። ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የሚመዘነው ተቋም

ጤና ጣቢያ በገጠር ከ15,000 እስከ 25,000፣ በከተማ ደግሞ እስከ 40,000 ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ተቋም ነው። በገጠር በሥሩ 5 ያህል ጤና ኬላዎች አሉ። ከላዩ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አለ። ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ ወደዚያ ይሄዳል፤ ከበድ ካለ ደቡቡ ወደ ደሴ፣ ሰሜኑ ወደ ወልድያ ይላካል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም አለ፤ በቆዳና በዓይን ሕክምና ስሙ የተጠራ፣ በኋላም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚታከምበት ነው።

ስለ አንድ ጤና ጣቢያ ጥራት ሲወራ መልክዓ ምድሩ አይረሳ። የቃሉ፣ የወረባቦ፣ የሀብሩና የራያ ቆቦ ቆላ ወባ አለበት። ስለዚህ እዚያ የላብራቶሪው ብቃት ዋና መለኪያ ነው። በለጋምቦ ብርድ ወይም በበሽሎ ሸለቆ ዳርና ዳር ባሉት ደላንታና ተንታ ደግሞ ጥያቄው «ምጥ የያዛት ሴት በስንት ሰዓት ትደርሳለች?» የሚል ነው። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ዛሬም የቅሬው ጎረምሶች በቃሬዛ ያወርዷታል። (ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው።)

ከ1995 በፊት

ጎንደር ላይ በ1940ዎቹ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኖች መሠልጠን ሲጀምሩ፣ የጤና ጣቢያ አሠራርም አብሮ ተስፋፋ። በዚያ ዘመንም፣ ከ1966ቱ ረሃብ በኋላም፣ ጥራት ማለት ጤና ጣቢያው መኖሩ ብቻ ነበር። በ1995 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎች ተመደቡ። ተቋሙ ሲበዛ «አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ «ምን ይሠራል?» ወደሚለው ዞረ።

ተሁለደሬና የጤና መድህን

ተሁለደሬ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትገኘውን ሐይቅ ከተማን ያቀፈ ወረዳ ነው። በ2003 ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል የተመረጡት ሦስት ነበሩ፤ ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ። ከወሎ ተሁለደሬ ብቻ ማለት ነው። ወረዳው በዚህ ቢኮራ አይፈረድበትም። ስለ መድህን የሚያጠና ሰውም ዛሬ ድረስ ወደ ሐይቅ ይመላለሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል። የመክፈያው ወቅት አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ያኔ ኪስ ውስጥ ብር አለ። መክፈል ለማይችለው ደሃ መንግሥት ይከፍልለታል። አባሉ ሲታመም የአባልነት ደብተሩን ይዞ ይሄዳል እንጂ ብር አይቆጥርም። ለማስተማሩ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ቅሬውም አገልግለዋል። ወሎ ላይ ይህ ብርቅ ነገር አይደለም፤ ሼሁና ቄሱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቡና የሚጠጡበት አገር ነው።

መድህኑ ለጥራት ምዘና ያመጣው ትልቅ ነገር ከፋይን ከአካሚ መለየቱ ነው። የመድህን ጽሕፈት ቤቱ ለጤና ጣቢያው ከመክፈሉ በፊት ሒሳቡን ከታካሚው ካርድ ጋር ያመሳክራል። ምርመራው ተጽፏል? መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር ይሄዳል? ተሰጠ የተባለው መድኃኒት በእርግጥ ተሰጥቷል? ይህ ክሊኒካል ኦዲት ይባላል። ደመወዝተኛ ተቆጣጣሪ የማያየውን ሒሳብ ከፋይ ያየዋል።

የሚያከራክረው ግን ከዚህ ይጀምራል። አንዳንድ አባላት «በደብተር የመጣን በገንዘብ ከመጣው እኩል አንታይም» ይላሉ። ባለሙያዎች ደግሞ የታካሚው ቁጥር ሲጨምር ወረፋው እንደሚረዝም፣ ይህም ማዳላት እንዳልሆነ ይናገራሉ። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ያላቸው ይመስላል። በአንድ ነገር ግን ክርክር የለም። አባሉን የሚያስመርረው ዓመቱን ከፍሎ መጥቶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» መባሉ ነው። መድኃኒቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ደሴ ቅርንጫፍ ነው። እዚያ ሲጠፋ ጤና ጣቢያው ከግል ለመግዛት ይሞክራል። ይህ ደግሞ ገንዘብና ጨረታ ይጠይቃል።

ሕዝቡ ነጥብ ሲሰጥ

የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2008 ሲጀመር ጥራትና ፍትሐዊነት ከአራቱ አጀንዳዎች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ብሔራዊ የጥራት ስትራቴጂ ወጣ። «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ የሚለው መፈክርም በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከዚህ የተከተለው የማህበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ ነው።

ካርዱ ስድስት መመዘኛዎች አሉት። የባለሙያው ርኅራኄና አክብሮት አንዱ ነው። የወረፋ ጊዜ ሁለተኛው፣ የመድኃኒትና የምርመራ መኖር ሦስተኛው፣ ውሃን፣ መብራትንና ክፍሎችን የሚመለከተው አራተኛው ነው። አምቡላንስ አምስተኛው፣ ንጽህናና ደኅንነት ስድስተኛው። በየቀበሌው ሰዎች ተሰብስበው በእያንዳንዱ ላይ ተወያይተው ነጥብ ይሰጣሉ። ውጤቱ ተጠናቅሮ ከጤና ጣቢያው ኃላፊና ከሠራተኞቹ ጋር ፊት ለፊት ይቀርባል። ከዚያ ማን ምን በመቼ እንደሚያስተካክል ይጻፋል። አብዛኛውን ጊዜ በየሩብ ዓመቱ ይደገማል።

በወረቀት ላይ ሲታይ ደረቅ ነው፤ ስብሰባው ግን ሕይወት አለው። ነጥብ ሰጪው ያው አቦል የሚያፈሉት እማማ፣ ያው የቅሬ ዳኛ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። ወሎዬ ሰው ፊት ማሳፈር አይወድም። አዋላጇ የሰፈር ልጅ ስትሆን «ደህና ናት፣ አላህ ይስጣት» ተብሎ ጥሩ ነጥብ ይሰጣታል፤ እውነተኛው ቅሬታ ስብሰባው ካለቀ በኋላ በመንገድ ይወራል። አምቡላንስ ላይ ግን ይሉኝታ አይሠራም። አምቡላንስ ደውሎ ያጣ ሰው በግልጽ ይናገራል።

ከላይ የሚመጣው ምዘና

ወረዳው፣ ዞኑና ጤና ቢሮው በድጋፋዊ ክትትል ይመጣሉ። ሠራተኛው ባጭሩ «ሱፐርቪዥን» ይለዋል። የሚታየው መዝገብ፣ የማዋለጃ ክፍል፣ የመርፌ ማስወገጃ፣ ማቃጠያና የእንግዴ ልጅ ጉድጓድ ነው። ሱፐርቪዥን የሚመጣ ዕለት ግቢው ማለዳ እንደሚጠረግ ያልታዘበ የለም። ስለዚህ ጥሩ ተቆጣጣሪ ከግቢው ይልቅ መዝገቡን ያምናል። በሪፖርት የተላከውን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል።

የላብራቶሪው ነገር ለብቻው ነው። የተነበቡ የወባና የቲቢ ስላይዶች (ናሙና የተቀባባቸው የማይክሮስኮፕ መስታወቶች) በሌላ ባለሙያ ተመልሰው ይነበባሉ። በአካባቢው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ደሴ ቅርንጫፍ አለ። የእናት ሞትም እንዲሁ ይመረመራል። ጥያቄው «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «የት ዘገየች?» የሚል ነው። ቤት ውስጥ ለመወሰን፣ መንገድ ላይ ወይስ ተቋሙ ከደረሰች በኋላ? ብዙ ጤና ጣቢያዎች ነፍሰ ጡር ምጥ ሳይዛት መጥታ የምትቆይበት የእናቶች ማቆያ ቤት የሠሩትና ገንፎና ቡና የሚያዘጋጁት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት መዘግየቶች መልስ እንዲሆን ነው። በእኔ ግምት፣ ከመመዘኛው ሁሉ አገርኛ ጠባይ ያለው ይኼ ገንፎ ነው።

ከጦርነቱ ወዲህ

በ2013 ክረምትና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ተሰባበሩ። ማይክሮስኮፕ የሌለውን ላብራቶሪ በቼክሊስት መመዘን ትርጉም አልነበረውም። ሠራተኛው በባዶ ክፍል ሥራ መጀመሩ ራሱ ሊነገርለት ይገባል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ያለው የክልሉ ግጭትም የአምቡላንስንም የተቆጣጣሪንም መንገድ አስተጓጉሏል።

ቅሬታ ያለው ሰው

መጀመሪያ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ዘንድ ይሄዳል። ካልሆነ የተቋሙ ሥራ አመራር ቦርድ፣ ከዚያ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አለ። የመድኃኒት ቅሬታ ያለው የመድህን አባል የመድህን ጽሕፈት ቤቱንም ማነጋገር ይችላል። የአስተያየት ሳጥንም በየበሩ ተሰቅሏል፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ከሁሉ በፊት ማዘዣውን አለመጣል ነው። «የለም» የተባለው መድኃኒት ስምና ቀኑ የተጻፈው እሱ ላይ ነው።