የባቡርና የኮንቴይነር ማጓጓዣ ዕቃ ግዢ በወሎ

በወሎ ለንግድ የሚገዛ የባቡርና የጥምር (በመኪናም በባቡርም የሚደረግ) ማጓጓዣ ዕቃ ሲባል ኮንቴይነር፣ ኮንቴይነር የሚጭን ተሳቢ፣ ማንሻ ማሽንና የባቡር ፉርጎ ማለት ነው። ማዕከሉ ኮምቦልቻ ናት። ደረቅ ወደቡ፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና ከአዋሽ የሚመጣው ሀዲድ እዚሁ ይገናኛሉ። በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው አስፋልትም የሚነሣው ከዚህ ነው።

ሀዲዱ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ ድረስ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ግንባታውን የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ በ2007 ዓ.ም. ጀመረ። የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ መዘግየትና በ2014 ዓ.ም. የደረሰው የጦርነት ጉዳት ተደራርበው መደበኛ የጭነት ባቡር ሳይመላለስበት ዓመታት አልፈዋል። የግዢውን ቅደም ተከተል የሚወስነው ይህ ነው፦ ዛሬ በመኪና፣ ነገ በባቡር የሚሠራው ዕቃ ይቀድማል፤ ከሀዲድ ውጭ የማይሠራው ይከተላል። ፉርጎ ገዝቶ ባቡር የሚጠብቅ ነጋዴ ብሩን ለዝገት አስቀመጠ ማለት ነው።

ስለዚህ መነሻው ኮንቴይነር ነው። ባለ 20 ጫማው 6.06 ሜትር ርዝመት፣ 2.44 ወርድና 2.59 ቁመት አለው፤ ባዶውን ከ2.2 እስከ 2.4 ቶን ይመዝናል፣ 33 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። ከፍ ያለው ባለ 40 ጫማ 2.90 ሜትር ቁመት ኖሮት 76 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። ከነጭነቱ የሚፈቀደው ክብደት ግን ለሁለቱም በአብዛኛው 30,480 ኪሎ ነው። ማሾ የሚልክ ሰው ባለ 40 ቢይዝ ግማሹን እንኳ ሳይሞላ ክብደቱ ያልቃል፤ ለእሱ የሚስማማው ባለ 20 ነው። ከፓርኩ የሚወጣ ልብስ በአንጻሩ ቦታ እንጂ ክብደት አይጨርስም።

አሮጌ ኮንቴይነር ሲገዛ ሻጩ የሚሰጠውን ደረጃ ማመን አይበቃም። ገዢው ውስጥ ገብቶ በሩን ያዘጋና በጨለማው ውስጥ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈልጋል። ቀጥሎ ከሥር ገብቶ ወለሉን የተሸከሙትን የብረት አግዳሚዎች ያያል። ዝገት አብዝቶ የሚበላው እነሱን ነው፤ ቀለም የተቀባ ጎን ደግሞ ይህን ይሸፍናል። በሩ ያለ ትግል መከፈትና መዘጋት፣ ዙሪያውን ያለው ጎማም ያልተሰነጠቀ መሆን አለበት። ከማዕዘን ማዕዘን ሰያፉ በሜትር ይለካል፤ በባለ 20ው ሁለቱ ሰያፎች ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ኮንቴይነሩ ጠምሟል፣ ተሳቢው ላይ ማዕዘኖቹን ከሚይዘው መቆለፊያም ጋር አይገጥምም። አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ያለው ቁጥሩ በበሩ፣ በጎኑና በጣሪያው ላይ አንድ ዓይነት ሊሆን ይገባል። በሩ ላይ ያለው የደህንነት ሰሌዳ የምርመራ ቀንም ይታያል፦ የመጀመሪያው ምርመራ ከተሠራ በ5 ዓመት ውስጥ፣ ከዚያ በየ30 ወሩ ነው፤ ባለቤቱ በተፈቀደ ተከታታይ የምርመራ ፕሮግራም ሥር ከሆነ ግን ከቀን ይልቅ የፕሮግራሙ ምልክት ይገኛል።

ብዙ ሰው የሚስተው የጉምሩክ ጉዳይ አለ። ጭነት ይዞ የገባ የመርከብ ድርጅት ኮንቴይነር በጊዜያዊነት የገባ ነው፤ ቀረጥ ሳይከፈልበት አገር ውስጥ ቢሸጥ ገዢው ጋ ችግር ሆኖ ይመጣል። የቀረጥ ዲክላራሲዮን (ቀረጥ መከፈሉን የሚያሳይ የጉምሩክ ሰነድ) የሌለው ኮንቴይነር በርካሽ ቢቀርብም ርካሽ አይደለም። በራስ ኮንቴይነር መሥራት የባዶ መመለሻ ቀን ሲያልፍ ከሚቆጠረው ክፍያ ያድናል፤ ሆኖም ወደ ውጭ ከሚላከው ይልቅ ከውጭ የሚገባው ጭነት ስለሚበዛ ባዶውን ወደ ወደብ የመመለሱ ወጪ በባለቤቱ ላይ ይወድቃል።

ኮንቴይነር የሚጭን ተሳቢ ወለል አያስፈልገውም፤ ሻሲና መቆለፊያ ብቻ ይበቃዋል። ስምንት መቆለፊያ ያለው አንድ ባለ 40 ወይም ሁለት ባለ 20 ይይዛል። አሥራ ሁለት ያለው ግን አንድ ከባድ ባለ 20 መሐል ላይ ያስቀምጣል፤ በወሎ መንገድ የሚመረጠውም ይህ ነው። ከባድ ባለ 20 ወደ ኋላ ጫፍ ከተጫነ የጎታቹ ጎማዎች ክብደት ይቀልላቸውና ዳገት ላይ ይሽከረከራሉ። ከ1,800 ሜትር በላይ ካለችው ኮምቦልቻ ወደ 500 ሜትር ገደማ ወዳለችው ሚሌ ሲወረድ ደግሞ ፍሬን ይግላል፤ የተሳቢው ፍሬን ሸራና የአየር ቱቦ ከቀለሙ በፊት መታየት ያለበት ለዚህ ነው። እስከሚፈቀደው ክብደት የተጫኑ ሁለት ባለ 20ዎች 61 ቶን ያህል ናቸው። 70 ቶን የሚሸከም ፉርጎ ይችላቸዋል፣ ባለ 400 ኩንታል መኪና ግን አይችልም።

ማንሻው የግዢው ውድ ክፍል ነው። ሪች ስታከር የሚባለው ማሽን በመጀመሪያው (ለማሽኑ በሚቀርበው) ረድፍ እስከ 45 ቶን ያነሣል፤ ራሱም 70 ቶን ገደማ ስለሚመዝን ሙሉ ጭነት ሲያነሣ የፊት አክስሉ ላይ 100 ቶን ያህል ያርፋል። ተራ አስፋልት ይህን አይችልም። በቦርከና ሸለቆ የሚበዛው መረሬ አፈር ክረምት አብጦ በጋ ስለሚሰነጠቅ፣ አፈሩ ተቆፍሮ በተመረጠ ሙሌት ካልተተካ ወፍራም ኮንክሪትም ይሰነጠቃል። የግቢው ወጪ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይታሰብ። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ በኮምቦልቻ ከአምስት እጅ አንዱ ገደማ ይቀርበታል፤ ተርቦ ያለው ይሻላል። በቀን ጥቂት ኮንቴይነር ብቻ የሚያስተናግድ ድርጅት ኮንቴይነሩን ከተሳቢው ሳያወርድ በመወጣጫና በ3 ቶን ፎርክሊፍት ሊያራግፍ ይችላል።

ፉርጎ የሚገዛ ካለ መጀመሪያ የሚያየው የሀዲዱን ስፋት ነው። የአዋሽ–ሐራ ገበያም ሆነ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ-ጅቡቲ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ አሮጌው የጅቡቲ ባቡር 1,000 ነበር። ከሕንድ ሰፊ ሀዲድ (1,676) ወይም ከሩሲያ (1,520) የሚቀርብ አሮጌ ፉርጎ እግሩ (ጎማና አክስሉ) ካልተቀየረ አይሄድም። ስፋቱ ቢገጥም እንኳ የአውሮፓ ፉርጎ የሚያያዘው በመጋጫና በብሎን ማጥበቂያ ሰንሰለት ስለሆነ በኢትዮ-ጅቡቲ መስመር ካለው በራሱ ከሚቆላለፈው ማያያዣ ጋር አይጋጠምም። የፍሬን ቫልቩና የአየር ግፊቱም ከሎኮሞቲቩ ጋር መስማማት አለበት። የመስመሩ አንቀሳቃሽ ፉርጎውን መርምሮ እንደሚቀበለው በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ኤል ሲ (ለውጭ ግዢ ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) መክፈት አይገባም።