የሞባይል ጌምና የልጆች ደኅንነት

ልጅ በስልክ ጌም ሲጫወት ብዙ ወላጅ የሚፈራው ሽጉጡንና ደሙን ነው። ተኩሱ ሳሎን ድረስ ይሰማልና አይገርምም። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ደርሰው በሚሊዮን ዶላር ያስቀጡት ጉዳዮች ግን የተነሡት በብዛት ከሁለት ሌሎች ቦታዎች ነው፦ ጌሙ ውስጥ ካለው ሱቅ፣ እና ልጁ ከማያውቀው ሰው ጋር ከሚያወራበት ቻት። ለሁለቱም መቆለፊያ ተሠርቷል። የሚሠራው ግን ስልኩ የያዘው ሰው ልጅ መሆኑን ሲያውቅ ነው።

እኛ አገር ችግሩ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ልጁ የሚጫወተው በእናቱ ወይም በታላቅ ወንድሙ ስልክ ነው። ስልኩ የተገዛ ዕለት ጂሜሉን የከፈተው ስልክ ቤት ያለው ሠራተኛ ነው፤ የልደት ቀኑን እንደመጣለት ሞልቶ፣ ፓስወርዱን ብጫቂ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጥቷል። ወረቀቱ ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የስምንት ዓመቱ ልጅ ለፕሌይ ስቶር ሙሉ ሰው ነው፤ ለአዋቂ የሚታየው ማስታወቂያ ይታየዋል፣ ለአዋቂ የተፈቀደው ጌም ይወርድለታል። ጌሙ በዜንደር ከጓደኛ ስልክ የመጣ ወይም ስልክ ቤት የተጫነ ከሆነማ የዕድሜ ማጣሪያ የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈም።

የዕድሜ ደረጃ አሰጣጡ ራሱ ረጅም ታሪክ አለው። የሰሜን አሜሪካው ደረጃ ሰጪ ኢኤስአርቢ እ.ኤ.አ. በ1994 ተቋቋመ፤ የአውሮፓው ፔጊ በ2003 ሥራ ጀምሮ ጌሞችን 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 እያለ ይመድባል። ፕሌይ ስቶር ከ2015 ጀምሮ የሚጠቀመው ጌም ሠሪው ራሱ በሚሞላው መጠይቅ ላይ የተመሠረተ የጋራ ሥርዓት ነው። ቁጥሩ የሚለካው ግን ጌሙ ውስጥ ያለውን ነገር እንጂ እዚያ ተገናኝተው የሚያወሩትን ሰዎች ጠባይ አይደለም። ስለ ሰዎቹ የሚናገረው ከቁጥሩ አጠገብ በትንሹ የተጻፈው፣ ተጠቃሚዎች እርስ በርስ እንደሚገናኙ የሚያሳውቀው መስመር ነው። እኔ ብሆን ከቁጥሩ በፊት እሱን አነባለሁ።

ወደ ሱቁ እንምጣ። አፕል በአንድ ወቅት ፓስወርድ አንዴ ከገባ በኋላ ለ15 ደቂቃ ደግሞ ሳይጠይቅ ግዢ ይፈቅድ ነበር። እናት «ይቺን ብቻ» ብላ ፓስወርዷን አስገብታ ስልኩን ስትመልስ፣ በዚያች ሩብ ሰዓት ልጁ የፈለገውን ይገዛል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምቶ ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች መመለስ ነበረበት። የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። በ2022 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ 275 ሚሊዮኑ የሕፃናትን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ በመሰብሰብ፣ 245 ሚሊዮኑ ለተጫዋቾች የሚመለስ። በክሱ እንደተዘረዘረው፣ ተኝቶ የነበረውን ጌም ለማንቃት አንድ ቁልፍ መንካት ብቻ ገንዘብ ያስቆርጥ ነበር፤ የድምፅና የጽሑፍ ቻቱም ማንም ሳይከፍተው ክፍት ሆኖ ይመጣ ነበር። በ2025 ደግሞ ጄንሺን ኢምፓክት የተባለው ጌም አሳታሚ 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ምን እንደሚወጣ የማይታወቅ የዕጣ ሣጥን ከ16 ዓመት በታች ላሉ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይሸጥም ታገደ። በእነዚህ ጌሞች ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ዳይመንድ ወይም ወደ ሳንቲም ይቀየራል። ልጁ 60 ዳይመንድ አጠፋሁ ይላል እንጂ ይህን ያህል ብር አጠፋሁ አይልም።

የውጭ ካርድ የለንም ብሎ መዘናጋት አያዋጣም። ልጆች የወላጃቸውን የሞባይል ገንዘብ ፒን ከወላጆቻቸው ይልቅ በቃላቸው ይይዙታል። ከአሜሪካ በመጣ ታብሌት ላይ የአክስት ካርድ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። «ነፃ ዳይመንድ» የሚሉት መልእክቶች ደግሞ የሚፈልጉት ብር ሳይሆን ፓስወርድ ነው፤ ልጁ ወራት የደከመበት አካውንት በአንድ ማታ የሌላ ሰው ይሆናል።

ቻቱ ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው። ልጁ የማያውቀው ሰው መጀመሪያ ጎበዝ ይላል፣ አብሮ ይጫወታል፣ ስኪን (የጌሙ ገጸ ባሕርይ የሚለብሰውን መልክ) ይሸልማል። ከዚያ «ቴሌግራም አለህ?» ይላል። ጌሙ የሚቆጣጠረው ጌሙ ውስጥ ያለውን ወሬ ብቻ ነውና ልጁን ከዚያ ማውጣት ለእሱ ግማሽ መንገድ ነው። ፎቶ ይጠይቃል፤ ፎቶው ከተላከ ጥያቄው ወደ ማስፈራሪያ ይለወጣል። ኤርፎን ካለ ደግሞ ቤተሰቡ የሚሰማው የልጁን መልስ ብቻ ነው። ልጆች የሚያዘወትሩት የጌም መድረክ ሮብሎክስ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ ከጨዋታው ውጭ በግል እንዳይጻጻፉ ከልክሏል፤ ቱርክ በዚያው ዓመት ጨርሳ ዘግታዋለች። የሮብሎክሱ ክልከላም ቢሆን ሲጀመር ይሠራ የነበረው ልጁ ዕድሜውን በትክክል ከሞላ ነበር።

ሰዓትን በሕግ የወሰኑ አገሮችም ያጋጠማቸው ይኸው ነው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከጌም አገደች፤ እገዳው የኮምፒውተር ጌምን እንጂ የሞባይልን አልነካም፣ ልጆቹም ወደ ስልክ ዞሩ። ሕጉ ከዐሥር ዓመት በኋላ ተሻረ። ቻይና በ2021 ለልጆች ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ስትፈቅድ፣ በአዋቂ አካውንት መጫወት የታወቀ መንገድ ስለነበር ኩባንያዎቹ ፊት መለየት ድረስ ሄዱ።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ጎግል ፋሚሊ ሊንክ ለልጁ የራሱን አካውንት ከትክክለኛ ዕድሜው ጋር ይከፍታል፤ ጌም ሲወርድ፣ ግዢ ሲጠየቅ የፈቃድ ጥያቄው ወላጁ ስልክ ላይ ይመጣል። አይፎን ላይ ስክሪን ታይም ውስጥ የጌም ውስጥ ግዢን መዝጋት ይቻላል። የግድ በወላጅ ስልክ የሚጫወት ከሆነ ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ገብቶ እያንዳንዱ ግዢ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ማረጋገጫው በጣት አሻራ ባይሆን ይመረጣል፤ የተኛ አባት ጣት ለመበደር ቀላል ነው።

በኢትዮጵያ በኮምፒውተር አማካይነት ሕፃናትን ለወሲብ ማባበልና ምስላቸውን ማሰራጨት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ለክስ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የደነገጠ ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው ደግሞ ቻቱን ማጥፋት ነው። ሰውየውን ብሎክ ከማድረግ በፊት ስሙን፣ ቀኑንና ጽሑፉን የሚያሳይ ስክሪንሾት ማንሣት፣ ስልኩንም ሳይነካኩ ፖሊስ ጣቢያ ይዞ መሄድ ይሻላል።