ከፍትፍቱ ፊቱ

ስምንት ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። እናቴ አክስቷን ልትጠይቅ ስትሄድ እኔንም አስከተለችኝ። አክስቷን እኛ ልጆቹ «እማማ» ነው የምንላቸው። ገና አረፍ ከማለታችን ማስታጠቢያ መጣ፣ ትሪ ቀረበ። ትሪው ላይ የተልባ ፍትፍት።

ለማያውቀው፦ ተልባው ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። ጨውና ሚጥሚጣ ጣል ይደረግበትና እንጀራ ይፈተፈትበታል። ሲጾም ለዋለ ትልቅ ሰው ጉሮሮ የሚያርስ ነገር ነው። ለልጅ ግን ዝልግልግ ነው። ላላምጠው ስትል ያመልጥሃል፣ ልዋጠው ስትል ይጎተታል።

አንድም ቃል አልተነፈስኩም። አፍንጫዬን ሸብሸብ አድርጌ ለንቦጬን ጣልኩ፣ በቃ። እማማ አዩኝ። የእናቴ ጣቶች ከጠረጴዛው ስር ጭኔን አገኙት። ቁንጥጫው ሳይለቀኝ እማማ ጉርሻ ጠቅልለው «እንካ ማሙዬ» አሉኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩት። «አንድ ያጣላል» ብለው ደገሙኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ ቆም ብላ «ከፍትፍቱ ፊቱ ሲባል አልሰማህም?» አለችኝ።

ሲፈታ፣ ከቀረበልኝ ፍትፍት ይልቅ ያቀረበልኝ ሰው ፊት ይበልጥብኛል ማለት ነው። ግሱ ተውጧል። «ይበልጣል» ወይም «ይሻላል» የሚለውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ጉልበቱም ድምፁ ላይ ነው። «ፍትፍት» እና «ፊት» በሥጋ የሚዛመዱ ቃላት አይደሉም። ጎን ለጎን ሲጠሩ ግን አንዱ ከሌላው የወጣ ይመስላል። አንዴ የሰማው ልጅ የማይረሳውም ለዚህ ይመስለኛል።

መነሻው ገበታ ነው፣ ተናጋሪውም እንግዳ ነው። ከምግብ ሁሉ ፍትፍት መመረጡ ደግሞ ለቤት መምቻ ብቻ አይመስለኝም። ፍትፍት ባለቤቷ በእጇ ቆርሳ፣ በእጇ ለውሳ የምታቀርበው ነው። በቅቤ የራሰ ሊሆን ይችላል፣ ትናንት ያደረ ወጥም ሊሆን ይችላል። እንግዳው ግን ጎንበስ ብሎ ከመብላቱ በፊት ቀና ብሎ የሚያየው ፊቷን ነው። ፊቷ ከተኮሳተረ ቅቤውም አይወርድለትም።

አማርኛችን ለፊት ቃል አይሰስትም። «ፊት ነሳኝ» ሲባል ምግብ ከመከልከል የባሰ ነው የሚሰማው። ፊት ይጠቁራል፣ ይጨፈገጋል፣ ይፈታል፣ ይበራል። «ፊት የተሰጠው ልጅ» ደግሞ ያው የምናውቀው ነው፤ ሰው ቤት ገብቶ «እኔ ይሄን አልበላም» የሚለው።

አባባሉ ከገበታ ከወጣም ቆይቷል። ቢሮ ሄዶ ጉዳዩ ያልተፈጸመለት ሰው «ግን ሰውየው በደንብ አናገረኝ፣ ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላል። ስጦታው ቢያንስም ይባላል።

እናቴ ያደረገችውን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። አባባሉ የሚመዝነው የጋባዡን ፊት ነው። እሷ ግን ገልብጣ እኔ ላይ አዞረችው። እማማም እኮ ያንን ሁሉ ተልባ ወቅጠው፣ ነፍተው ሲያቀርቡ የሚጠብቁት የእኔን ፊት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርቱ ተጀመረ። ሰው ቤት «አልወድም» አይባልም፣ ነውር ነው። «ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይባላል። እሱም ቢያንስ ሁለት ሦስት ከተቀመሰ በኋላ ነው። ከፊት ለፊትህ ያለውን ትበላለህ፣ ሥጋ ፍለጋ ወደ ሰው በኩል አትሻገርም። እህል አይሸተትም። «በሞቴ» ከተባለ አንድ ትጨምራለህ። አፍንጫ አይሸበሸብም።

ጨርስ ብሎ ማስገደዱን እኔ አልደግፍም። ልጅ የማይወደው ምግብ ይኖረዋል፣ ትልቅ ሰውም ይኖረዋል። ደግሞ ልጁን «ብላ! ዋጥ!» እያሉ ዓይን አፍጥጠው የሚያጎርሱ ወላጆች አሉ። እነሱም በዚያች ሰዓት ጋባዥ መሆናቸውን ይረሱታል። ልጁ የሚያስታውሰው ጎመኑን ይሁን ያንን ፊት፣ ሲያድግ ጠይቁት።

እኔ እስካሁን ተልባ አልወድም። ባለፈው ሁዳዴ እናቴ ቤት ስሄድ ያንኑ ፈትፍታ አቀረበችልኝ። ፈገግ አልኩ። እጄን ታጥቤ ከፊት ለፊቴ ቆረስኩ። ትንሽ አየችኝና ሳቋ መጣ።

«ሽሮ ላሙቅልህ?»