ከባድ ፈረስ ምንድን ነው? የጦር ፈረስስ እሱ ነበር?

ሻየር የሚባለውን የእንግሊዝ ፈረስ በቪዲዮ እንኳን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚመጣበት ጥያቄ "ይሄ እውነት ፈረስ ነው?" የሚል ነው። ረጅም የሚባል ሰው አጠገቡ ቢቆም ከጀርባው ወዲያ አሻግሮ ማየት ይቸግረዋል። ሰኮናው ሰፊ ነው። ከጉልበቱ በታች የሚወርደው ነጭ ፀጉር እግሩን እስከ መሬት ይሸፍነዋል። እኔ እነዚህን ፈረሶች በጣም ነው የምወዳቸው። ስለዚህ ስለነሱ የሚወራው ነገር ትክክል ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከባድ ፈረስ የሚባለው ለመጎተት ተብሎ በብዙ ትውልድ እየተመረጠ የተራባ፣ ትልቅና ረጋ ያለ የፈረስ ዓይነት ነው። አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። የእንግሊዙ ሻየር፣ የስኮትላንዱ ክላይድስዴል፣ የፈረንሳዩ ፔርሸሮን፣ የቤልጂጉ ብራባንት ሁሉም ከባድ ፈረሶች ናቸው። የተለመደው የግልቢያ ፈረስ 500 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። እነዚህ ግን 800 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከአንድ ቶን በላይ ይደርሳሉ። በ1846 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ ውስጥ የተወለደው ሳምሶን የሚባል ሻየር ከመሬት እስከ ትከሻው ጫፍ 2.19 ሜትር ነበር። ክብደቱም 1,500 ኪሎ ገደማ እንደነበር ተመዝግቧል።

ይህ ሁሉ ክብደት ለታይታ አይደለም፤ ሥራ አለው። ፈረስ ጋሪ ሲስብ ስናይ እግሩ ብቻ የሚሠራ ይመስለናል። ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ ሰውነቱን በሙሉ ወደ ፊት ይጥላል፤ የኋላ እግሮቹ መሬቱን ቆንጥጠው ይገፋሉ። ማሰሪያው ጉሮሮውን ቢያንቀው ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ በገለባ የተሞላ የቆዳ ኮላር ይጠለቅለትና ጫናው ትከሻው ላይ ያርፋል። እንግዲህ ፈረሱ ኮላሩን በትከሻው ይገፋል፣ ጋሪው ይከተላል። ደረቱ ሰፊ፣ ጀርባው አጭር፣ ዳሌው ወፍራም የሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጦሩ እንምጣ። በፊልምም በሥዕልም የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ባላባት ከእግር እስከ ራሱ ጥሩር ለብሶ በእንዲህ ያለ ግዙፍ ፈረስ ላይ ተቀምጦ እናየዋለን። ይህ ሥዕል የተሳሳተ ነው። ሙሉ የብረት ጥሩር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ያን ለመሸከም አንድ ቶን የሚመዝን ፈረስ አያስፈልግም። እንግሊዝ ውስጥ ከቁፋሮ የተገኙ ወደ 2,000 የሚጠጉ የፈረስ አጥንቶችን ያጠኑ ባለሙያዎች በ2021 ውጤታቸውን አሳትመዋል። አብዛኞቹ የመካከለኛው ዘመን ፈረሶች፣ ለጦርነት የዋሉትንም ጨምሮ፣ ቁመታቸው ከ1.48 ሜትር አያልፍም ነበር። የዛሬው የፈረስ ውድድር ሕግ ድንክ ፈረስ ብሎ የሚመድባቸው ማለት ነው።

ሌላም ማስረጃ አለ። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1540 ባወጣው ሕግ፣ ትንሽ ዘር እንዳያራባ ብሎ፣ ቁመቱ ከ1.52 ሜትር በታች የሆነ ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) በተወሰኑ አውራጃዎች የጋራ ግጦሽ ላይ እንዳይለቀቅ ከለከለ። ትልልቅ ፈረስ በየሜዳው ሞልቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሕግ ባላስፈለገ ነበር።

ይህ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የአገራችን የደጋ ፈረስ ቁመቱ ትንሽ ነው፤ ግን ዳገት ወጥቶ፣ ገደል ዳር ዞሮ ተዋግቷል። የጦር ፈረስ የሚፈለግበት ነገር ቶሎ መነሳት፣ ቶሎ መዞር፣ በጩኸት መሀል አለመሸሽ ነው። ጉግስ ሲጫወቱ ያየ ሰው ይሄን ያውቃል። አሳዳጁ ሲወረውር የተባረረው ፈረስ ባንዴ ካልታጠፈ ጌታው ተመታ ማለት ነው። አንድ ቶን የሚመዝን ፈረስ እንደዚያ አይታጠፍም። የሚገርመው ልማዱም መመሳሰሉ ነው። የእኛ መኳንንት ሲዘምቱ በሰጋር በቅሎ ይጓዙ፣ የጦር ፈረሳቸው በለኮ እየተሳበ ይከተላቸው ነበር። የአውሮፓውም ባላባት መንገዱን የሚጓዘው ረጋ ባለ ሌላ ፈረስ ነበር። የጦር ፈረሱን ሳይደክም ለውጊያ ያቆየዋል።

ታዲያ ከባዱ ፈረስ ከየት መጣ? ከእርሻና ከመንገድ። ማረሻው ሲከብድ፣ መንገድ ሲስተካከል፣ ከተማ ሲያድግ፣ የቢራ በርሜልና የድንጋይ ከሰል የሚያመላልስ ጉልበት ተፈለገ። ሻየር በዝርያነት በመዝገብ መያዝ የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። መዝገቡን የሚይዘው ማኅበር በ1878 ሲመሠረት ስሙ የእንግሊዝ የጋሪ ፈረስ ማኅበር ነበር። በ1884 ነው የሻየር ፈረስ ማኅበር የተባለው።

ከባዱን ፈረስ ጦርነት የጠራው መድፍ እንዲስብ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት 18 ፓውንደር የሚባለውን የእንግሊዝ መድፍ ስድስት ፈረሶች ሁለት ሁለት ሆነው ይስቡታል። ሦስት ወታደሮች በግራ በኩል ባሉት ፈረሶች ላይ ተቀምጠው የቀኞቹንም አብረው ይመራሉ። ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ለመድፉ የቀረቡት የሁለቱ ፈረሶች ነው። ቁልቁለት ላይ ያ ሁሉ ብረት ከኋላ ሲገፋቸው ወደ ኋላ ተደግፈው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ከአራት ቶን በላይ የሚመዝነውን 60 ፓውንደር መድፍ ለመሳብ ደግሞ ስምንት ከባድ ፈረስ ያስፈልግ ነበር።

ዋጋውን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በዚያ ጦርነት በሁሉም ወገን ወደ ስምንት ሚሊዮን ፈረሶች እንዳለቁ ይገመታል። ብዙዎቹን የገደለው ጥይት ሳይሆን ብርድ፣ ረሃብ፣ ድካምና በሽታ ነው። ትልቅ ሰውነት ብዙ መኖ ይፈልጋል፤ መኖ ሲጠፋ ቀድሞ የሚወድቀው ትልቁ ነው። ያ የሚያምረው የሻየር የእግር ፀጉርም መከራ ሆነበት። የፈረንሳይና የቤልጂግ ጭቃ ፀጉሩ ውስጥ ይጋገራል፤ ቆዳው ይረጥብና ይቆስላል። የፔርሸሮን እግር ግን ፀጉር አይበዛበትም። እንግሊዞች ጦር ሜዳ ላይ ይህን አይተው ፔርሸሮንን ወደ አገራቸው አስገቡ፤ በ1918 ማኅበር አቋቋሙለት።

ከዚያ ትራክተር መጣ። ሰፎክ ፓንች የሚባለው የምሥራቅ እንግሊዝ ከባድ ፈረስ በ1966 የተመዘገቡለት ውርንጭላዎች ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ዝርያው ዛሬም ከአደጋ አልወጣም። አሁን ከባድ ፈረስ በብዛት የሚታየው በበዓል ሰልፍና በእርሻ ትርኢት ነው። አንዳንድ የአውሮፓ ደኖች ውስጥም መሬቱ በመኪና እንዳይጠቀጠቅ ግንድ ይስባል።

በውትድርና ደግሞ ለንደን ውስጥ፣ በንጉሡ የክብር ዘብ ፈረሰኛ ጦር ውስጥ፣ ከባድ ፈረስ ዛሬም አለ። ትልልቅ የብር ከበሮዎች በግራና በቀኝ ተጭነውበት፣ ከበሮ መቺው በላዩ ተቀምጦ ይሰለፋል። የሰውየው ሁለት እጅ ዱላ ስለያዘ ልጓሙ ከእርካቡ ጋር ይያያዛል፤ ፈረሱን የሚመራው በእግሩ ነው። ለዚህ ሥራ ሻየርና ክላይድስዴል የሚመረጡት ሸክሙን ስለሚችሉ ብቻ አይደለም። ከበሮው ጀርባቸው ላይ ሲመታ ስለማይደነብሩም ነው።