አውቶማቲክ ሎጊን እና አድሚን አካውንት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምፒውተር በተከፈተ ቁጥር ፓስወርድ መጻፍ ይሰለቻል። ስለዚህ ብዙ ሰው አውቶማቲክ ሎጊን ያበራል። ማሽኑ ሲነሳ ምንም ሳይጠይቅ ቀጥታ ዴስክቶፑ ላይ ይገባል። ችግሩ ይህ የሚደረገው ብዙ ጊዜ በአድሚን አካውንት ላይ መሆኑ ነው። ያ አካውንት ደግሞ ፕሮግራም መጫንም፣ የሌላውን ሰው ፋይል መክፈትም፣ ሲስተሙን መቀየርም ይችላል። ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች ላንሳ።

«አውቶማቲክ ሎጊን ሲበራ ፓስወርዱ ይጠፋል»

አይጠፋም። ኮምፒውተሩ በእናንተ ፈንታ እንዲያስገባው አስቀምጦታል። ጥያቄው የት አስቀመጠው ነው። ዊንዶውስ ላይ ሬጂስትሪ (ሲስተሙ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት ቦታ) ውስጥ ገብታችሁ በእጃችሁ ካስተካከላችሁት፣ ፓስወርዱ «ዲፎልት ፓስወርድ» በሚል ስም፣ ሳይመሰጠር፣ እንዳለ ተጽፎ ይቀመጣል። በዚያው ማሽን የሚጠቀም የአድሚን መብት የሌለው ሰው እንኳ ሊያነበው ይችላል። «አውቶሎጎን» የተባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ ግን ይመሰጥረዋል። ይሄ በብዙ ይሻላል። ሆኖም በማሽኑ ላይ አድሚን የሆነ ሰው በቀላሉ መልሶ ሊፈታው እንደሚችል ማይክሮሶፍት ራሱ ያስጠነቅቃል። አሁን ነገሩን አገናኙት፦ በራሱ የሚገባው አካውንት አድሚን ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ አድሚን ሆነ ማለት ነው። ያው ፓስወርድ ለኢሜይላችሁም የሚያገለግል ከሆነ፣ ጉዳቱ ከአንድ ኮምፒውተር ያልፋል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

«ሃርድ ዲስኩ ስለተመሰጠረ ቢሰረቅም ችግር የለም»

ምስጠራ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቢትሎከር፣ ማለትም የዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ፣ በብዙ ማሽኖች ላይ የሚሠራው ማዘርቦርዱ ላይ ባለው የደኅንነት ቺፕ ነው። ማሽኑ ሲበራ ዲስኩ በራሱ ይፈታል። ከዚያ በኋላ ሌባውን የሚያቆመው የሎጊን ገጹ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ እናንተ አንስታችሁታል። ማክ ላይ ፋይልቮልት የተባለው የዲስክ ምስጠራ ሲበራ አውቶማቲክ ሎጊን አብሮ የሚዘጋው ያለ ምክንያት አይደለም።

«አድሚን ብሆንም ዊንዶውስ አደገኛ ነገር ሲመጣ ይጠይቀኛል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ይጠይቃል። ግን አድሚን ለሆነ ሰው ጥያቄው «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ነው። አዎ የሚለውን ማንም ይጫነዋል። ስታንዳርድ አካውንት (የአድሚን መብት የሌለው) ላይ ከሆናችሁ ግን የአድሚኑን ፓስወርድ ይጠይቃል። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሊኑክስ ላይ ደግሞ አውቶማቲክ ሎጊን ካበሩ በኋላ «የኪይሪንግ ፓስወርድ አስገባ» የሚል መስኮት ሲመጣ ሲስተሙ የተበላሸ የሚመስላቸው አሉ። አልተበላሸም። ሲገቡ ፓስወርድ ስላልጻፉ፣ ኪይሪንጉ፣ ማለትም የተቀመጡ ፓስወርዶች ማኅደር፣ ተቆልፎ ቀርቷል። ያንን ለማስቀረት የኪይሪንጉን ፓስወርድ ባዶ ማድረግ ማለት ውስጡ ያለውን ሁሉ ሳይመሰጠር መተው ነው። አታድርጉት።

«ታዲያ ሌላ ምን አማራጭ አለ?» ለምትሉ፣ ፒን ወይም የጣት አሻራ አለ። የዊንዶውስ ፒን ለዚያ ማሽን ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሌላ ሰው ቢያውቀው በሌላ ኮምፒውተር ላይ አይጠቅመውም። አራት አሃዝ መንካት ደግሞ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። አውቶማቲክ ሎጊን የግድ የሚያስፈልግበት ቦታም አለ፤ ለምሳሌ ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያ የሚያሳይ ስክሪን። እዚያ ላይ ስታንዳርድ አካውንት ከፍታችሁ እሱን ብቻ አስገቡት።

እስካሁን አውቶማቲክ ሎጊንን በአድሚን አካውንት ስትጠቀሙበት ከነበረ ዛሬውኑ አጥፉት፣ ፓስወርዱንም ቀይሩ። ሬጂስትሪ ውስጥ በእጃችሁ ጽፋችሁት ከሆነ ከዚያም ሰርዙት። ሎጊኑን ማጥፋት ብቻውን የተጻፈውን ፓስወርድ አያነሳውም።