ጀልባ በመኪና ስለመጎተት የሚወሩ ስህተቶች እና እውነታው

የአጎቴ ልጅ አምስት ሜትር የምትሆን የፋይበር ጀልባ ገዛ። ካዛንቺስ ግቢው ውስጥ ተጎታች ላይ ቆማለች። ሐሳቡ ቅዳሜና እሁድ ላንጋኖ እየወሰደ ልጆቹን ማዝናናት ነው። ታዲያ «መኪናዬ ይችላታል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ያልሰጠው ሰው የለም፤ ጎረቤቱ፣ በያጁ፣ ሶማሌ ተራ ያለው ዕቃ ሻጭ ሳይቀር። አብዛኛው መልስ ደግሞ ስህተት ነበር። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ልጆች ጭኖ የሚሄድ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ይዞ ሲወጣ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

«ካንቀሳቀሳት ይጎትታታል።»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ግቢ ውስጥ ማንቀሳቀስማ ቪትዝም ይችላል። ጥያቄው ማቆም ይችላል ወይ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና አስቡት። ፊታችሁ ያለው ታክሲ ሰው ለመጫን ድንገት ቆመ፣ ከኋላችሁ ደግሞ 11 ኩንታል እየገፋችሁ ነው። ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ከሌለው ያንን ሁሉ የሚይዘው የመኪናችሁ ፍሬን ብቻ ነው። ለዚህ ነው አምራቾች ሁለት ቁጥር የሚሰጡት፤ አንዱ ፍሬን ላለው ተጎታች፣ ሌላው ለሌለው። አውሮፓ ውስጥ ፍሬን የሌለው ተጎታች ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ አያልፍም፤ ለትንንሽ መኪኖች ከዚያም ያንሳል። ፍጥነቱንም አትርሱ። ከ60 ወደ 80 ስትገቡ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት በ78 በመቶ ይጨምራል።

«ሊብሬው ላይ አለ።»

ሊብሬ ላይ ያለው የጭነት ልክ መኪናው በጀርባው የሚሸከመው ነው፣ የሚጎትተው አይደለም። የመጎተት ልኩ የሚገኘው ከመኪናው ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ ነው። ችግሩ እኛ ጋ ብዙ መኪና ያገለገለ ሆኖ ስለሚገባ መመሪያው ወይ የለም፣ ወይ በጃፓንኛ ነው። የአውሮፓ መኪና ከሆነ በር ስር ያለችውን ሳህን እዩ። የመጀመሪያው ክብደት መኪናው ብቻውን እስከነጭነቱ የሚፈቀድለት ነው፣ ሁለተኛው ከነተጎታቹ ነው። ሁለተኛው ቦታ ባዶ ከሆነ መኪናው እንዲጎትት አልተፈቀደም ማለት ነው።

«ጀልባዋ 6 ኩንታል ብቻ ናት።»

እሱ ባዶ አካሏ ነው። 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ብቻውን ከ1 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ተጎታቹ 2 ኩንታል ተኩል ይሆናል። 50 ሊትር ቤንዚን 37 ኪሎ ነው። ባትሪ፣ መልህቅ፣ ገመድ፣ የነፍስ አድን ጃኬት፣ የበረዶ ሳጥን ስትደምሩበት 11 ኩንታል ገባችሁ። ክረምቱን ሜዳ ላይ ሳትሸፈን የከረመች ከሆነ ወለሏ ስር ውሃ ይኖራል፣ እያንዳንዱ ሊትር ደግሞ 1 ኪሎ ነው። ግምቱን ተዉትና የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አውጧት።

«ሃይሉክስ ነው፣ ፎር ዊል ነው፣ ምን ይሆናል?»

ፎር ዊል የሚጠቅመው ሐይቁ ዳር ጭቃ ላይ ጀልባዋን ስታወጡ ነው። እዚያ በእውነት ይጠቅማል፤ በፊት ጎማ የሚነዳ ትንሽ መኪና ኋላው ሲጫን ፊቱ ይቀልና ጎማው ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ፍሬን ግን አይጨምርም።

ከሁሉም በላይ እኛን የሚመለከተው ከፍታው ነው። አምራቾች የመጎተት ልክ ሲያወጡ መኪናው 12 በመቶ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳቱን ያያሉ፤ ቁጥሩ ግን ለባሕር ጠለል አካባቢ የተሰላ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተር ይደክማል፣ ማቀዝቀዣውም እንደዚያው። ስለዚህ ብዙ የአውሮፓ አምራቾች በየ1,000 ሜትሩ የመኪናውና የተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ ይቀነስ ይላሉ። መሃል አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከነተጎታቹ 3,000 ኪሎ የተፈቀደለት መኪና እዚህ ቢያንስ 600 ኪሎ ያጣል፤ 6 ኩንታል ማለት የዚችን ጀልባ ከነተጎታቿ ከግማሽ በላይ ነው። ላንጋኖ ደግሞ 1,600 ሜትር አካባቢ ስለሆነ እሁድ ማታ ስትመለሱ፣ ሁሉም ሲደክመው፣ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው።

«ጋንቾ ማስበየድ ብቻ ነው።»

እባካችሁ። የመኪናው የኋላ መከላከያ ላይ የተበየደ ጋንቾ (ተጎታቹ የሚያያዝበት መንጠቆ) አደገኛ ነው። ከሻንሲው ጋር በብሎን የሚታሰር፣ ልኩ የተጻፈበት መሆን አለበት። መኪናው፣ ጋንቾውና ተጎታቹ የየራሳቸው ልክ አላቸው፤ የምትሄዱት በትንሹ ነው። የደህንነት ሰንሰለቱንም አጠላልፋችሁ እሰሩ፣ ጋንቾው ቢለቅ የተጎታቹን አፍንጫ መሬት እንዳይነካ ይይዛል።

«ክብደቱን ወደ ኋላ ብናደርገው ለመኪናው ይቀላል።»

ተቃራኒው ነው። ኋላው የከበደ ተጎታች ፍጥነት ሲጨምር እንደ ጅራት ይወዛወዛል፣ መኪናውንም ይዞ ሊገለብጥ ይችላል። ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት፣ መኪናውና ጋንቾው ከሚፈቅዱት ሳያልፍ። ለ11 ኩንታል ከ55 እስከ 110 ኪሎ ነው። ሰው የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ጣውላ አቁማችሁ፣ ጣውላው ላይ የተጎታቹን አፍንጫ አሳርፋችሁ መለካት ይቻላል። ያ ክብደት መኪናው ላይ እንደተጫነ ሰው ይቆጠራል። መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን አትርገጡ፤ ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ።

«ኤሌክትሪክ ነው፣ ጉልበት አለው።»

ጉልበቱስ አለው። በ2024 እ.ኤ.አ. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ይሄን ብዙ እሰማለሁ። ነገር ግን ብዙዎቹ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ጭራሽ እንዲጎትቱ አልተፈቀደላቸውም። የተፈቀደለትም ቢሆን ጀልባ ሲጎትት የሚሄደው ርቀት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ሐይቁ ጋ እንደደረሳችሁ ተጎታቹን ወዲያው ውሃ ውስጥ አትንከሩት። የጎማው ኩሽኔታ በመንገዱ ግሏል፣ ድንገት ሲቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ግራሶውን ያበላሻል፣ ከዚያ በሌላ ቀን መንገድ ላይ ይሰበራል። ሻይ ጠጡ፣ ይቀዝቅዝ።

የአጎቴ ልጅ መኪና ፍሬን ለሌለው ተጎታች የተፈቀደለት 600 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ተጎታቹ ፍሬን የለውም። ስለዚህ አይሱዙ ተከራየና ጀልባዋን ጭኖ አንድ ጊዜ ወሰዳት፣ እዚያው ሐይቁ ዳር በኪራይ የምታድርበት ቦታ አገኘላት። አሁን ልጆቹን ብቻ ይዞ ነው የሚወርደው።